የተፍኪ ውሃ ሲሸሽ

ተፍኪን በበጋ ብቻ የሚያውቅ ሰው እዚያ ሐይቅ አለ ቢሉት ይስቃል። በበጋ ሜዳ ነው፤ ከብት የሚሰማራበት፣ ሽምብራ የሚዘራበት፣ ጥቁሩ አፈር ተሰነጣጥቆ እግር የሚውጥ ሜዳ። ሐምሌ ሲጋመስ ግን አዋሽ ከአልጋው ይወጣና ሜዳውን ሁሉ ያለብሰዋል። በነሐሴ ከሰበታ ወደ ወሊሶ የሚያልፍ መንገደኛ በመኪናው መስኮት ዳር እስከ ዳር የተኛ ውሃ፣ በላዩም ዝይና ዳክዬ ያያል። መስከረም ሲጠባ ውሃው መሸሽ ይጀምራል፤ ኅዳር ላይ ድሮም ያልነበረ ይመስላል።

በሪሁን የዚህን ውሃ መምጣት ሌላው ሰው በዓል እንደሚጠብቅ ይጠብቅ ነበር። ዕድሜውን የአውቶቡስ ኤሌክትሪክ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ረዘም ብሎ ትንሽ ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ተወልዶ ያደገውም፣ ጎጆ የወጣውም መሀል አዲስ አበባ ነበር። ያ ሰፈር ለልማት ሲነሳ ጎረቤቱ እንደ ተበጠሰ ዶቃ እዚህም እዚያም ተበተነ። እሱና ሚስቱ ሰብለወርቅም ዓለም ገና፣ ሰበታ መግቢያ ላይ ቀስ በቀስ ወደሠሯት ቤት ገቡ። ቤቷ ጥሩ ናት። ጣሪያዋ አያፈስም፣ ግቢዋ በብሎኬት የታጠረ ነው፣ በሩ ብረት ነው። ግን በዚያ መንገድ ላይ የሁሉም ግቢ በብሎኬት የታጠረ፣ የሁሉም በር ብረት ነው። ሰው ጠዋት በጨለማ ታክሲ ሊሰለፍ ይወጣል፤ ማታ ይገባል፤ በሩ ጓ ይላል፤ አለቀ።

ዓሣ ማጥመዱን ያመጣው ያኔ ነው። አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ ሰው ማጥመጃ ዘንጉን ከነክር መጠቅለያው ትቶለት ነበርና እንደ ቀልድ ይዞ ወደ ተፍኪ ወረደ። ክሩ ላይ የታሰረው ቡሽ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ማየት፣ ከዚያ ድንገት ስምጥ ሲል ልብ አብሮ ስምጥ ማለቱ ያዘው። ከዚያ ወዲያ ክረምት በመጣ ቁጥር ለሰብለወርቅ፣ «ደርሼ መጣሁ» እያለ ጠዋት ይወጣል፤ ሲመሽ ይመለሳል።

ሰብለወርቅ የሄደችው ልጃቸው ጂጂ ሐዋሳ ላይ የወለደች ጊዜ ነው። ልታርሳት ሄደች። ክርስትናው ይለፍ ተባለ። ከዚያ ልጁ ጥርስ ያውጣ። ከዚያ ጂጂ ወደ ሥራ ስትመለስ የሚታመን ሠራተኛ አልተገኘም። ሠራተኛ ሲገኝ ደግሞ ሁለተኛው ተረገዘ። ጠብ የለ፣ ኩርፊያ የለ። ማንም «አልመለስም» አላለም፤ ማንም «ተመለሺ» አላለም። የሰብለወርቅ የቤት ነጠላ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ተሰቅሎ አቧራ ጠጣ።

በሪሁን አንድ ጊዜ ሄዶ ነበር። አማቹ ስምዖን ደግ ልጅ ነው፤ የራሱን ወንበር ለቀቀለት፣ የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ እጁ ላይ አኖረለት፣ «ምን ይምጣልዎት አባባ?» እያለ ቆመለት። ሰብለወርቅ አንዱን አዝላ ሌላውን እያባበለች ስትዞር ዋለች። እዚያ ቤት ውስጥ ሥራ የሌለው እሱ ብቻ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው «ቤቱን ባዶ ትቼ» አለና ተመለሰ። አውቶቡስ ላይ ሆኖ፣ አንዱ እንኳ «ይቆዩ እንጂ» ሳይለው መምጣቱን አስታወሰ። እንዳይቀየማቸው እነሱም ጥፋት የለባቸውም።

እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትደውላለች።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። አንቺስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። በላህ?»

«በልቻለሁ።»

ከዚያ ልጅ ያለቅሳል፤ ስልኩ ይዘጋል። ኑሯቸው ይህ ሆነ።

ተፍኪ ላይ የሚያውቀው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ኦቦ ዲሪርሳ። እኒህ ሽማግሌ መሬታቸው በየክረምቱ ውሃ ውስጥ የሚገባ ገበሬ ናቸው። ውሃው ሲሸሽ እርጥቡ አፈር ላይ ሽምብራቸውን ይዘራሉ። ስለዚህ መስከረም ከጠባ ጀምሮ ፀሐይ ዘንበል ስትል ዱላቸውን ይዘው ይወርዱና ውሃው ምን ያህል እንደሄደ ያያሉ።

«አካም፣ በሪሁን!»

«ፈያ፣ ኦቦ ዲሪርሳ። አንቱስ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ዛሬ ደግሞ ሸሽቷል» ይላሉ ደስ ብሏቸው።

«አዎ፣ ሸሽቷል» ይላል እሱ ቅር ብሎት።

ይሳሳቃሉ። ከዚያ ሽማግሌው ቅርጫቱ ውስጥ ያለውን ያያሉ። ቆሮሶ ከሆነ በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አምባዛ ከሆነ ፊታቸውን ያዞራሉ። «ጢም ያለው ዓሣ አልበላም» አሉት አንድ ቀን፣ የራሳቸውን የሸበተ ጢም እያሻሹ። «ሽማግሌ የምበላ ይመስለኛል።»

መስቀል አልፎ ጥቅምት ገባ። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጥርስ ያፋጫል፤ ቀን ሰማዩ አንዲት ዳመና የለበትም። ውሃው ከመንገዱ ርቆ ስለሄደ በሪሁን ቦቲ ጫማውን አድርጎ፣ ላዩ የደረቀ ውስጡ የላላ ጭቃ እያቋረጠ መውረድ ነበረበት። ሌሎቹ አጥማጆች፣ መረብ ያላቸው ጎረምሶች፣ ወደ ዋናው አዋሽ ሄደዋል። አንድ ማክሰኞ ከዝዮቹ ሌላ እሱ ብቻ ነበር።

ረፋዱ ያለ አንዳች ነገር አለፈ። የያዘውን ዳቦ በላ፣ ትሉን ቀየረ፣ ካፖርቱን አውልቆ ዳር ካለች የግራር ቁጥቋጦ ላይ ሰቀለ። ከሰዓት በኋላ፣ ዓይኑ መስለምለም ሲጀምር፣ ቡሹ ጠፋ። እንደ ሌላ ጊዜ እየጠለቀ እየወጣ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ሄደ። ዘንጉ ጎበጠ። ክሩ እየተተረተረ ወጣ። በሪሁን በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ አያውቅም። «ኧረ ማነህ አንተ!» አለ ጮክ ብሎ፤ በዚያን ቀን ያወጣው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

ዓሣው ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ዞረ፤ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አለ። ቢስቡት እንቢ። በሪሁን ነገሩ ገባው፤ ከውሃው በታች የሰመጠ የእርሻ አጥር አለ፣ ክሩ እንጨቱ ላይ ተጠምጥሟል። ቢጎትት ይበጠሳል። ቦታው ደግሞ ቅርብ ነው። ገብቼ ልፍታው አለና ገባ።

እንዳሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ውሃ ነው፤ ጭቃውም የዚያው ዘመድ ነው። መጀመሪያ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያዘው፣ አወጣው። ቀጥሎ እስከ ባቱ። አጥሩ እጅ ሊደርስበት ሲል አንድ እርምጃ ጨመረና መሬቱ ከሥሩ ከዳው። ሁለቱም እግሮቹ እስከ ጭናቸው ወረዱ፤ ውሃው ከወገቡ በላይ ቆመ። አንዱን እግር ሲነቅል ሌላው ይብስ ይገባል። ታገለ። በታገለ ቁጥር ያ ጥቁር አፈር እንደ ቡሖ እየተጠጋጋ ጨበጠው። ትንፋሹ ሲያጥር ዝም ብሎ ቆመ።

«ሰው!» ብሎ ጮኸ። «ሰው የለም ወይ!» ዝዮቹ ተነሥተው ዞሩና መልሰው ተቀመጡ። መንገዱ ላይ የከባድ መኪና ድምፅ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከዚያ ርቀት ለሚያየው ከጥልቁ ገብቶ የሚያጠምድ ሰው እንጂ ሌላ አይመስልም።

ፀሐይዋ ወደ ወሊሶ በኩል ታዘቀዝቅ ጀመር። ብርዱ ከእግሩ ተነሥቶ ሆዱ ደረሰ። ያኔ ዳር የተሰቀለው ካፖርት ውስጥ ስልኩ ጮኸ።

ጮኸ፣ ጮኸ፣ አቆመ። በሪሁን ዓይኑን ካፖርቱ ላይ ተክሎ ዳግመኛ ይጮኻል ብሎ ጠበቀ። ማን ይሆን? ሰብለወርቅ እሁድ ነው የምትደውለው፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው። ጂጂ ከሆነች ለበዓል ነው። የድሮ ጎረቤቶቹ ከሆኑ ለለቅሶ ነው። አንድ በአንድ አሰባቸው፣ አንድ በአንድ ጣላቸው። ከዚያ ሳያስበው ሌላ ሐሳብ ገባው፦ ዛሬ ቤት ባልገባ ማን ያውቃል? በሩ ጓ ሳይል ቢቀር ማን ይሰማል? በአጥር የሚለያቸው ግቢ ተከራይታ የምትኖር አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ አለች፤ በሯ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማዋል እንጂ ስሟን እንኳ አያውቅም። እሷስ የእሱን ከየት ታውቃለች? ሰብለወርቅ እሁድ ትደውላለች፣ አይነሳም። ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ ይሆናል ትላለች። ማታ ትደግማለች። ሰኞ ልቧ ይፈራል። በእጁ ጣት አልቆጠረውም፤ ግን ርዝመቱን አየው። ፈርቶ አያውቅም ነበር፤ ያኔ ፈራ። የፈራው ሞቱን አልነበረም፤ ያንን በመካከል ያለውን፣ ማንም የማያውቅበትን ጊዜ ነው የፈራው።

ጥርሱ እየተንገጫገጨ እያለ ዳር ላይ ዱላ የያዘ ሰው ታየ።

«በሪሁን! ዛሬ እንዴት ሸሸ አይተሃል?» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ ከሩቅ፣ እንደ ሁልጊዜው።

«ኦቦ ዲሪርሳ! ይዞኛል! መውጣት አልቻልኩም!»

ሽማግሌው ቆም ብለው አዩት። «ዋቃዮ! ሂንሶቾኢን! አትንቀሳቀስ፣ ዝም ብለህ ቁም!» አሉና በዕድሜያቸው በማይጠበቅ ፍጥነት ዞረው ሄዱ። የሄዱት ቤታቸው ነው፤ ግን በሪሁን ጀርባቸውን ሲያይ ጥለውት የሄዱ መሰለው። ሲመለሱ ባለቤታቸው ዱርሲቱ አብረዋቸው ነበሩ፤ እሳቸው ሞፈርና ረጅም ገመድ፣ ባለቤታቸው እቅፍ ሙሉ የበቆሎ አገዳ ይዘዋል። አገዳውን ጭቃው ላይ አነጠፉ፤ ሞፈሩን በላዩ እየገፉ ሰደዱለት። ገመዱን ወረወሩ።

«በብብትህ ሥር አዙረው። በሞፈሩ ላይ በደረትህ ተኛ። እግርህን እርሳው!»

ተኛ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎተቱ፣ አረፉ፣ ጎተቱ። «ጀባዹ! በርታ!» ይላሉ ዱርሲቱ። አንድ የመምጠጥ ድምፅ ተሰማና አንዱ እግር ባዶውን ወጣ፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላው። ሁለቱን ቦቲ ለጭቃው ለቆ፣ በሆዱ እየተንፏቀቀ ዳር ደረሰ።

ሦስቱም ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። ከዚያ ኦቦ ዲሪርሳ ወደ ቀኝ እጁ አዩና ሳቅ አመለጣቸው። በሪሁን ያን ሁሉ ጊዜ ዘንጉን አልለቀቀም ነበር። ጣቶቹ በብርድ ደርቀውበት ሽማግሌው አንድ በአንድ ፈቱለት። ዘንጉን ሲይዙት ክሩ ተንቀሳቀሰ፤ በትግሉ መሀል ከአጥሩ ተላቆ ነበር። ሳቡት። ዝሎ፣ ጎኑን አዙሮ፣ ክንድ የሚያህል አምባዛ መጣ።

«ይሄ ነው ሊገድልህ የነበረ?»

«ይሄ ነው።»

«ለመብላት?»

«እኔም ብዙ አልወደውም» አለ በሪሁን።

«ታዲያ ምን ልታደርገው?»

«እንጃ። ላሳየው ነበር።»

«ለማን?»

በሪሁን ዓይኑን ወደ ዓሣው መለሰ። ኦቦ ዲሪርሳም መልሱን አልጠበቁም። ካፖርቱን ከቁጥቋጦው አንሥተው ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለትና ዱላቸውን አቀበሉት።

እቤታቸው እሳት ዳር አስቀምጠው ጋቢ አለበሱት፤ ትኩስ ወተት ሰጡት። ዱርሲቱ ቤቱ ማን እንዳለ ጠየቁት፤ «ሚስት አለችኝ» አለ። «ደውልላት እንጂ፣ ሲመሽባት ትጨነቃለች» አሉ። ስልኩን አወጣ። ጭቃ ውስጥ ሳለ የደወለው የማያውቀው ቁጥር ነው። መልሶ ደወለ። አንድ ጎልማሳ፣ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ተሳስቼ ነው» አለው።

«እሷ ናት?» አሉ ዱርሲቱ።

«ተሳስተው ነው» አለ፤ ወተቱንም አነሣ።

ኦቦ ዲሪርሳ የራሳቸውን ኮንጎ ጫማ አድርገውለት፣ ዓሣውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው መንገድ ድረስ ሸኙት። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ከጭቃው ሸሸት አለ። ዓለም ገና ሲደርስ ገና ዓይን ለዓይን ይታይ ነበር። በሩ ላይ ቁልፉን ሲፈልግ ጎረቤቱ፣ የፋብሪካ ሠራተኛዋ፣ ከሥራ ስትገባ ደረሰች።

«ጋሼ! ምን ሆኑ?»

ሊል ያሰበው «ምንም» ነበር። «ጭቃ ውስጥ ገብቼ መውጣት አቅቶኝ ነው» አለ። ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ቁልፉን ከእጁ ተቀበለችና በሩን ከፈተችለት። እሱም ሌላ የሚሰጣት ስለሌለው ከረጢቱን ዘረጋላት። ገለጥ አድርጋ አየች፤ ፊቷ በራ።

«አምባዛ! እኔ እኮ ባቱ ሐይቅ ዳር ነው ያደግኩት። ማን መሰልኩዎት! ስሜ ፈቲያ ነው።»

ውሃ አሙቆ ታጠበ። ከአጥሩ ማዶ ዘይት ሲንጫጫ ይሰማል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሐዋሳ ደወለ።

«ምን ሆንክ?» አለች ሰብለወርቅ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ። «እሁድ አይደለም እኮ!»

ነገራት። ከቡሹ መጥፋት ጀምሮ እስከ ፈቲያ ድረስ፣ ስልኩ የጮኸበትንም ሳያስቀር። እሷ አላቋረጠችውም። ልጅ እንኳ አላለቀሰም።

«ሰብሌ» አለ በመጨረሻ፣ «ነይ። ቤትሽ ነይ።»

ይህን ብሏት አያውቅም ነበር።

«አንተ ተፍኪ ስትውል» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔ እዚያ ቤት ማን የነበረኝ ይመስልሃል? በዚያ በብረት በር ሥር ቁጭ ብዬ የሰው እግር የማዳምጥ እኔ ነበርኩ። ማታ ትመጣለህ፣ ስለ ዓሣ ታወራለህ፣ ትተኛለህ። እዚህ ስመጣ ከስንት ጊዜ በኋላ ‹እማዬ› የሚለኝ ሰማሁ። ጂጂ ሠራተኛ አጥታ አይደለም በሪሁን። ሁለት ጊዜ አግኝታ ነበር። እኔ ነኝ ያልመጣሁት።»

በሪሁን ጉልበቱን አየ። ጥፍሩ ውስጥ ጥቁር አፈር ቀርቷል። ሊቆጣ ፈለገ፤ ቁጣው ግን አልመጣም። የመጣችበት በሩ ሥር ቁጭ ያለችው ያቺ ሴት ናት፤ ስንት ክረምት እንዲያ አልፎባታል!

«አልነገርሽኝም» አለ።

«አልጠየቅከኝም።»

«ደህና ነሽ ወይ ስልሽ...»

«ደህና ነኝ እል ነበር። አንተስ ምን ትለኝ ነበር?»

በሪሁን የጥፍሩን አፈር ጠረገ። «አሁን ልጆቹን ጥዬ መምጣት አልችልም» አለች ሰብለወርቅ። ድምጿ ለስልሶ ነበር፤ ውሳኔዋ ግን አልለሰለሰም። «አንተ ግን ና። እንደ እንግዳ አይደለም። ወንበር ላይ አትቀመጥ። መጥተህ ትልቁን ልጅ ያዝልኝ።»

ኅዳር ላይ ሄደ። ትልቁን ልጅ በእጁ ይዞ ሐይቅ ዳር ወሰደው፤ የተበላሸ የወጥ ቤት መብራት ሠራላቸው፤ ድንች ላጠ። ጥሩ ጊዜ ነበር። ግን ቤቱ ጠባብ ነው፤ ማታ ሳሎን ሲተኛ ስምዖንና ጂጂ በእግር ጣታቸው እየረገጡ ያልፋሉ። እሱና ሰብለወርቅ ብቻቸውን የሚሆኑባት ጥግ አልነበረችም። አንድ ቀን ልብስ ስታሰጣ አጠገቧ ቆሞ፣ «ልሂድ መሰለኝ» አላት። «አውቄያለሁ» አለች። እያለቀሰች አልነበረም፤ እሱም አላለቀሰም። መጥቶ ይሄዳል፣ ሄዶ ይመጣል፤ ከዚህ የተሻለ ሌላ ነገር አንዳቸውም አላገኙለትም።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘችው። አውቶቡሱ እስኪሞላ ድረስ መስኮቱ ሥር ቆመች። ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሣ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና፣ «ስትገባ ደውል» አለችው።

ዓለም ገና ሲደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። ፈቲያ የማታ ፈረቃ ገብታ በሯ ተቆልፏል። የራሱን በር ከፈተ፤ ግቢው ውስጥ ነፋስ ያመጣው ቅጠል ተከማችቷል። ቦርሳውን ሳያወርድ ደወለ።

«ገባህ?»

«ገባሁ።»

«ቤቱ ይበርዳል?»

«ይበርዳል።»

«ምን ትበላለህ?»

ወጥ ቤቱን በበሩ በኩል አየ። «አላውቅም» አለ፤ እውነቱን ነው። እሷም ስልኩን አልዘጋችም። እሱ መብራቱን አበራ፣ ክብሪት ፈለገ፣ ድስት አንሥቶ አጠበ፤ እሷም ወዲያ ማዶ ልጅ እያባበለች ነበር። ብዙ አላወሩም። ውሃው እስኪፈላ ድረስ ሁለቱም መስመሩ ላይ ቆዩ።